ወረፋው ስልክ ውስጥ ከገባ ወዲህ

ለተከበሩ የገበያ አዳራሹ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎና የመላው ቤተሰብዎ ጤና እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎስ ደህና ነው? የእኔ ጉልበት፣ ድርጅትዎ ከሰልፍ ስላሳረፈው፣ እጅግ ደህና ነው፤ ከወንበሬ እስከ መስኮቴ፣ ከመስኮቴም እስከ ወንበሬ ያለ ችግር ያደርሰኛል። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ የምጽፍልዎ፣ በአካል ላነጋግርዎ መጥቼ ጸሐፊዎ ቀጠሮ የሚያዘው በስልክ ብቻ መሆኑን በትሕትና ስላስረዳችኝ ነው።

እኔ የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ኖሬ ዓይኔ ሲደክም ሥራ ያቆምኩ፣ ባለቤቴ ያረፈብኝ፣ አንድ ልጄም ሌላ ከተማ የሚሠራ ሴት ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ከበርዎ ፊት መሰለፍ ልማዴ ነበር። ሰልፉ ግንቡን ተከትሎ እስከ መንገዱ ጥግ ይደርስ ነበር፤ ፀሐዩም፣ ግፊያውም፣ መሐል የሚሰነቀረውም እንደነበረ አልክድም። የስልክ ወረፋዎ ሲጀመር ልጄ ስልኬ ላይ ጫነልኝና «እማዬ፣ ከእንግዲህ መቆም ቀረልሽ፤ ተራሽ ደርሶ ስልኩ እስኪጠራሽ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ትጠብቂያለሽ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ስለዚህ ታላቅ ውለታ ምስጋናዬን እያቀረብኩ አቤቱታዬን በቁጥር እዘረዝራለሁ፤ ድርጅትዎ ቁጥር እንደሚወድ አውቃለሁና።

፩. በሰልፉ ላይ ከኋላዬ የሚቆሙ አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ነበሩ። አንድ ቅዳሜ ጉልበቴ ሲያንገላታኝ አይተው «እርስዎ ደረጃው ላይ አረፍ ይበሉ፤ ተራዎን እኔ እይዝልዎታለሁ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ቀድሞ የደረሰው ለሌላው ይይዝ ጀመር። በርዎ ዘግይቶ በተከፈተ ቁጥር ወሬያችን ይረዝም ነበር፤ ለዚያ መዘግየት በወቅቱ ሳላመሰግን በመቅረቴ ይቅርታ። ሚስታቸው ካረፉ በኋላም ሻይ ሲያፈሉ ሁለት ብርጭቆ እንደሚያወጡና አንዱን መልሰው እንደሚያስቀምጡ የነገሩኝ እዚያ ነው። እኔም ሬዲዮኔን የምከፍተው ቤቱ ውስጥ የሰው ድምፅ እንዲኖር ብቻ መሆኑን፣ ለልጄ እንኳ ያልነገርኩትን፣ የነገርኳቸው እዚያው ነው። ስማቸውን አልጠየቅኩም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ስለምንገናኝ የሚያስቸኩል ነገር አልታየንም። ድርጅትዎ ወረፋውን ከግንቡ ሥር አንስቶ ስልክ ውስጥ ሲያስገባው ሰውየውንም አብሮ አስገባቸው መሰለኝ፤ የትኛውን ብነካ እንደሚወጡ ግን እስካሁን አላወቅኩም።

፪. ምናልባት ባገኛቸው ብዬ፣ ስልኩ ሳይጠራኝ ሄጄ በፊት እንቆምበት የነበረው ቦታ ቆምኩ። ጥበቃዎ ጨዋ ሰው ነው፤ «እናቴ፣ እዚህ መቆም ቀርቷል፤ ቤትዎ ሆነው ይጠብቁ» አለኝ። ሰው እየጠበቅኩ መሆኔን ስነግረው «ሰውየውም ቤታቸው ሆነው እየጠበቁ ይሆናላ» አለ። ልክ ስለሆነ አመስግኜው ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

፫. ከብዙ ሳምንት በኋላ አገኘኋቸው፤ ማግኘት ከተባለ። ተራዬ ደርሶ በመግቢያው ስገባ፣ እሳቸው በመውጫው ሲወጡ በመስታወቱ አየኋቸው። ከስተዋል። ሁልጊዜ ተተኩሶ የሚለበሰው ኮታቸው አንድ ቁልፍ ጎድሎታል፤ የልብስ ሰፊ ዓይን እንዲህ ያለውን አያልፍም። እሳቸውም አዩኝ፤ ዳቦ የያዘ እጃቸውን ከፍ አድርገው ሰላም አሉኝና ወደ ውጭ ጠቆሙኝ፣ ደጅ እጠብቅዎታለሁ እንደማለት። ልመለስ ዞር ስል በመግቢያ መውጣት ክልክል መሆኑ ተነገረኝ። ወደ መውጫው ለመድረስም አስበውበት ባሠመሩት መንገድ ከሳሙናው እስከ ዘይቱ መደርደሪያ ዞርኩ። ስደርስ አልነበሩም። ጥበቃው እንዳለኝ፣ አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው መተላለፊያ ስለዘጉ ዞር እንዲሉለት በትሕትና ለምኗቸዋል። ስለ ትሕትናው አመሰግናለሁ። ቤቴ ገብቼ ለኮታቸው የሚሆን ቁልፍ ከጣሳዬ ውስጥ ስፈልግ አመሸሁ።

፬. የሰዓት ሠሪውን አድራሻ ፍለጋ ለደንበኞች አገልግሎት ደወልኩ። ድምፅዋ የሚያምር ልጅ የደንበኛ መረጃ ምስጢር መሆኑን ነገረችኝ። «ታዲያ ምን እንዲደረግልዎ ይፈልጋሉ?» ስትለኝ «የእኔንና የእሳቸውን ተራ ጎን ለጎን አድርጉልን» አልኳት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እማማ፣ ሲስተሙ እንዲህ ያለውን አያውቅም» አለችኝ። ከልቧ ያዘነች ስለመሰለኝ፣ ይህን ካነበቡ በኋላ እንዳይቆጧት አደራ።

አምስተኛ አቤቱታ የለኝም፤ በራሴ መፍትሔ ወስጃለሁ። ከበርዎ ማዶ፣ የእርስዎ ባልሆነው መንገድ ዳር፣ ቅዳሜ ጠዋት በርጩማ ይዤ መቀመጥ ጀምሬያለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ሕፃን አዝላ ትሰለፍ የነበረች ሴት አየችኝና ተሻግራ መጥታ ከኋላዬ ቆመች።

«ሰልፍ ነው እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

«የምን?»

የምን እንደሆነ ስነግራት አልሳቀችም። ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ታቅፋ፣ ጥርስ ስለማውጣቱ እያወራችኝ አብራኝ ቆየች። ከዚያ ስልኳ ጠራትና ሄደች። ሰዓት ሠሪው ግን አልመጡም። ፀሐዩ እስኪከር ተቀምጬ በርጩማዬን ይዤ ተመለስኩ። የፊታችን ቅዳሜም እዚያው ነኝ፤ ምናልባት በመስኮትዎ ካዩዋቸው፣ ቢያንስ ወዴት ማየት እንዳለባቸው ይጠቁሙልኝ።

ድርጅትዎ ሰውን ከሰው በማሳረፍ ተግባሩ ከዚህም በላይ እንዲበለጽግ፣ ለእርስዎም በሄዱበት ሁሉ ከፊትዎም ከኋላዎም ማንም የማይቆምበት ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ ከማይቀነስ አክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

ቀድሞ ከሰልፉ፣ ዛሬ ከቤቷ፣
ልብስ ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ድርጅትዎ «ውድ ደንበኛችን፣ ሳይሰለፉ በመገልገልዎ ምን ያህል ረክተዋል?» የሚል መልእክት በስልኬ ልኮልኛል። በዚህ ሳምንት ስልኬ የጮኸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ውድ» ያለኝም ሌላ ስለሌለ አምስቱንም ኮከብ ሰጥቼዋለሁ።