ባለቤቱ በአካል ሊቀርብ ስላልቻለ ጠመንጃ

ለተከበሩ የወረዳችን የሰላምና ፀጥታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ጂንካ

እግዚአብሔር ጤናዎን ያብዛልዎ፤ ልጆችዎም በሰላም ወጥተው በሰላም ይግቡልዎ። እኔ ከልጄ ሞት በቀር ደህና ነኝ። የተማርሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነና ቀስ ብዬ ስለምጽፍ ይህን ደብዳቤ ለመጨረስ አራት ቀን ፈጅቶብኛል፤ እርስዎም ሳይቸኩሉ እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ በቀበሌያችን የቀረው ጠመንጃ ሁሉ እስከ ወሩ መጨረሻ ገቢ እንዲሆን የሚያዝ ረቂቅ ደንብ መዘጋጀቱንና ሕዝቡም አስተያየት እንዲሰጥበት መፈቀዱን ሊቀ መንበራችን በድምፅ ማጉያ ነግረውናል። ስለጠየቃችሁን አመሰግናለሁ። አምና ሳትጠይቁን ስለወሰዳችሁ ልምዱ የለኝም።

አንደኛ፣ ስለ አምናው ምዝገባ አመሰግናለሁ። «አስመዝግባችሁ፣ ፈቃድ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ» ብላችሁ ስትጠሩን፣ ልጄ ባሮክ አባቱ የተወለትን ክላሽ ይዞ መሄድ አልፈለገም ነበር። መንግሥት ሲጠራ ቀድሞ የሄደ አያፍርም ብዬ የገፋሁት እኔ ነኝ። መሣሪያው ለምን አገልግሎት እንደሚውል ቅጹ ሲጠይቀው «ከብት ለመጠበቅ» ብሎ ሞላ። ሠራተኛዎ ግን ከተፈቀዱት ምክንያቶች ውስጥ ከብት የለም ብለው ክላሹን መጋዘን አስገቡት፤ ለባሮክም ደረሰኝ ሰጡት። ማኅተሙ እጅግ ያምራል።

ሁለተኛ፣ ከወንዙ ማዶ ላሉት ጎረቤቶቻችን ስላሳያችሁት ትዕግሥት አመሰግናለሁ። ወደ እነሱ መንገድ ስለሌለ መኪናችሁ አልደረሰም፤ መሣሪያቸውም በእጃቸው ቀረ። ባዶ እጃችንን የመቅረታችን ወሬ ግን ማዶ ለመድረስ መንገድ አላስፈለገውም። ዘንድሮ በጥር ከብታችንን ሊነዱ በመጡ ጊዜ ባሮክ ግጦሹ ላይ በዱላ ጠበቃቸው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። የገደሉትን አልረግምም፤ ማዶም ልጇን የቀበረች እናት እንዳለች አውቃለሁ።

ሦስተኛ ስለ ቀብሩ ነው፤ ይህን ስጽፍ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ወጥቻለሁ። በእኛ ሰፈር ባለ ጠመንጃ ሲቀበር ወንድሙ መሣሪያውን ይዞ ከሬሳው ፊት ይሄዳል፤ ይህ ካልሆነ ሟቹ ወገን እንደሌለው ይቆጠራል። ያለ ጥይት፣ ለግማሽ ቀን እንድታውሱን ታናሹን ልጄን ኤልያስን ላክሁት። የመጋዘኑ ሠራተኛ ደረሰኙን አገላብጠው «ባለንብረቱ መታወቂያ ይዞ በአካል ይቅረብ» አሉት። የሞተው ባለንብረቱ ነው ቢላቸው «እንግዲያው ውክልና ይስጥህ» አሉት። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አይቼ አላውቅምና ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። ኤልያስ በወንድሙ ሬሳ ፊት ደረሰኙን ከፍ አድርጎ ይዞ ሄደ። ለቀስተኛው ሁሉ ማኅተማችሁን አየው።

አሁን ወደ አስተያየቴ ልምጣ። ጠመንጃ አልወድም፤ ቤቴ ውስጥ ባይኖር ደስ ይለኝ ነበር። ኤልያስ ግን ከቀብሩ በኋላ፣ አምና ሳይመዘገብ የቀረውን የአጎቱን ክላሽ ይዞ ከብቱን ይጠብቃል፤ ረቂቃችሁም አሁን የሚጠራው እሱን ነው። የወለድሁት ሁለት ነው፤ አንዱን በገዛ አፌ ሂድ ብዬ ሰጥቻችኋለሁ። ከማዶና ከእኛ በአንድ ቀን ሰብስቡ፤ ግጦሹ ላይም ፖሊስ አቁሙ፤ ያን ዕለት የኤልያስን ክላሽ እኔው ተሸክሜ አመጣለሁ። እስከዚያ ግን ኤልያስን ሂድ አልለውም፤ እንዳይሄድም የከለከልሁት እኔ ነኝ። ደንቡ የሚታሰር ሰው ከፈለገ ስሜ ከታች አለ።

ትእዛዝ አክብራ ልጇን የቀበረች፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና እንቅልፍ የሞላበት ሌሊት የምትመኝ፣
ዘሪቱ፣ የባሮክና የኤልያስ እናት

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሳምንት በጽሕፈት ቤትዎ ሳልፍ በሩ ላይ ክላሽ የያዙ ሁለት ጠባቂዎች አይቼ ስለ እርስዎ ደኅንነት ደስ ብሎኛል። ምሳ ሰዓት ስለነበር ውስጥ ሰው አልነበረም፤ የሚጠብቁት ጠረጴዛዎን ነበር። ለጠረጴዛው አንዱ የሚበቃው ከሆነ፣ ሌላውን ለልጄ ይላኩልኝ።