አዲሱ መጫኛ

ይድረስ ለወንድሜ ለአያ ሰጠኝ፣ አስመራ።

ሰላምታዬ ከወረቀቱ ቀድሞ ደጅህ ይግባ። እንደምን ከርመሃል? እኛ መድኃኔዓለም ይመስገን ደኅና ነን።

የላክኸው የቆዳ መጫኛ ደርሶናል፤ ሸጋ ነው። ባሌ ቢያዝን በቅሎ መጫኑን ትቶ፣ በትንሽ አውሮፕላን የስሜንን ገደል ለሲኒማ ከሚያነሡ ፈረንጆች ዘንድ ገብቷል። አውሮፕላኑን በሩን ነቅለውታል። ካሜራ የያዘው ፈረንጅ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ሲያነሣ፣ ቢያዝን የመጫኛውን አንዱን ጫፍ በፈረንጁ ወገብ፣ ሌላውን በራሱ ወገብ አስሮ ይይዘዋል። እንደሱ የሚያስር የለም ይሉታል።

ዛሬ ሚካኤል ነው። «ምነው ለበዓሉ እንኳ ብትቀር?» አልሁት። «ሰው ማሰር ሥራ ነው እንዴ!» ብሎ ሳቀብኝ። መጫኛ ካጣ ይቀራል ብዬ አንተ የላክኸውን አዲሱን ጎተራ ውስጥ ደብቄው ነበር። እሱ እቴ! ከግድግዳው ላይ አሮጌውን አውርዶ ወጣ። ታውቀዋለህ፤ ሊማሊሞ ላይ ተበጥሶ ጭነቱን ገደል የከተተውን፣ ኋላም አንተ የቀጠልኸውን።

ሁልጊዜ ለምሳ ይመጣ ነበር። አሁን የሠርክ ደወል ተደውሏል። ከአዘዞ አውሮፕላን ሜዳ የመጣ ሰው «ስሜን ላይ ደመና ነው» አለኝ። እኔም ምሳውን ከድኜ አስቀምጫለሁ፤ ዛሬ ለበዓሉ ብዬ ከልክ በላይ ወጥ ሠርቼ ነው የተረፈው።

ባለቤትህን እናኑን ሳምልኝ።

እና አያ፣ ያን አሮጌውን ስትቀጥለው አጥብቀኸው ነበር? እስቲ አስታውስ።

ደጅ ደጁን እያየች የጻፈችልህ እህትህ፣
ባንቺአየሁ