አንተ የቃኘሃት ማንዶሊን

ውድ ሆሴዕ፣

ማንዶሊንህን የነካሁት እኔ ነኝ፤ አትቆጣ። «ጊታርህ አለልህ፣ ይቺን ተዋት» እያልክ ከራስጌህ የምትሰቅላትን አውርጃታለሁ።

አገር ቤት ሀቢቾ ቀብረንህ ከተመለስን ወዲህ እማዬ እዚህ ሆሳዕና፣ ተከራይተን የምንኖርባት ክፍል ውስጥ ከእኔ ጋር ሰነበተች። አልጋህ ላይ አልተኛችም፤ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፋ ነበር የምታድረው። ጠዋት ትምህርት ቤት ስሄድ በር ላይ ቆማ «በመኪና እንዳትሄድ» ትለኝ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ከአጥራችን ማዶ መሆኑን እያወቀች። ከአዲሎ ስትመለስ የተሳፈርክበት ሚኒባስ ከተገለበጠ ጀምሮ የመኪና ድምፅ ስትሰማ ፊቷን ታዞራለች።

ባለፈው እሁድ የቤተ ክርስቲያን ኳየራችን መሪ ኤሊያስ መጣ። ቅዳሜ ኳየሩ ሀቢቾ ወርዶ እማዬንና አባባን ሊያጽናና አስቧል። እማዬ አቀርቅራ ሰማችውና «ሆሴዕ የሚመታውን መዝሙር ነው የምፈልገው። ያለ ማንዶሊን ከሆነ ግን አትምጡ» አለችው።

«ችግር የለም እናቴ፣ ዳምቦያ ከተማ ማንዶሊን የሚመታ ፍሬው የሚባል ጎበዝ ልጅ አለ። እሱን እናስመጣለን።»

«እኔ እመታዋለሁ» አልኩ።

ኤሊያስ አየኝ። «አንተ የጊታር ሰው! ማንዶሊን ትንሽ ጊታር መሰለችህ እንዴ?»

«ካቃተኝ ፍሬውን ትጠራለህ።»

ፍሬውን ጠልቼው አይደለም፤ አላውቀውም። እማዬ ፊት የሌላ ሰው ጣት ያንተን ክር ሲነካ ማየት ስላልቻልኩ ነው።

ሆሴዕ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ጊታር እየመታሁ እንደ ጀማሪ አፈርኩ። ጣቶቼ ለሰፊ አንገት ነው የለመዱት፤ እዚህ ይተራመሳሉ። ክሮቿ ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ ጥንዱን በአንድ ጣት ስጫን አንዱ ያመልጠኛል። «ጊታርህን ገልብጠህ አስባት» ያልከኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካ የጊታሩ አራት ወፍራም ክሮች እዚህ ቅደም ተከተላቸው ተገልብጦ ነው የተቀመጡት! ይህ ሲገባኝ የማውቃቸውን ኮርዶች እየገለበጥኩ መያዝ ጀመርኩ። መዝሙሩ ቀስ እያለ መጣ።

ግን ክሮቹ ረግበው ነበር። ልምምድ ላይ ኤሊያስ እጁን አንስቶ አስቆመን።

«አሞጽ፣ ጣትህስ ለምዷል። ለምን አትቃኛትም?»

«እንዲሁ ይሁን።»

«እንዲሁማ ከሆነ» አለች ከበቡሽ ከሴቶቹ መካከል፣ «ልናጽናና ሳይሆን ጎረቤቱን ልናባርር ነው የምንሄደው!»

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ኤሊያስ ግን አልሳቀም። «እስከ ነገ ካልተቃኘች ለፍሬው እደውላለሁ። እናታችን ፊት እንዲህ አድርገን አንዘምርም» አለ።

ምን ልበለው? ጊታሬን ያለ ሐሳብ ነው የምቃኘው። እነዚህን መቃኛዎች ግን መጨረሻ ያዞራቸው ያንተ እጅ ነው። ፎቶህ አለ፣ ሸሚዝህ አለ፤ ጆሮህ ግን እዚህ ክር ላይ ብቻ ነው የቀረው። እኔ ካዞርኩት ያንተ መሆኑ ያበቃል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ እማዬ ለእንግዶቹ ልታሰናዳ ወደ ሀቢቾ ሄደች። ስሸኛት መኪናው ውስጥ ዓይኗን ጨፍና «አሞጽዬ፣ ቅዳሜ እሰማዋለሁ አይደል?» አለችኝ። «ትሰሚዋለሽ» አልኳት።

ሙት አይሰማም ብለን ተምረናል፤ አውቃለሁ። ቢሆንም ከአንተ ሌላ ይህን የምነግረው ሰው የለኝም። ቅዳሜ ብሳሳትም እስከ መጨረሻው እመታዋለሁ። ደህና ሁንልኝ፣ ወንድሜ።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርህ አልዘጋም፤ ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ነቃሁ። የእማዬን ፍራሽ አጣጠፍኩ። በሩን ዘጋሁና አልጋህ ላይ ተቀምጬ መቃኛዎቹን አንድ በአንድ አጠበቅኋቸው። የመጨረሻው ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለ። ክሩን ብቻውን መታሁት። ረግቧል፤ ግን ያንተ ነው። ድምፁ ጨርሶ እስኪጠፋ ጆሮዬን እንጨቷ ላይ አስጠግቼ ሰማሁት። ልድገመው ብዬ ጣቴን አነሳሁና ተውኩት። ከዚያ መቃኛውን አዞርኩ።

ታናሽህ፣
አሞጽ