ገመድ ሲነቀል የሚሸሽ ጂን

ለወንድምዓለም ጃቢር ዐብደላ፣
ካርቱም

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላህ። ጤናህ እንዴት ነው? ሙቀቱስ ጋብ አለልህ? ያ የጎንህ ውጋት ተወህ ወይስ ዛሬም እየደበቅከን ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆትህ በቀር አንዳች አልጎደለብንም። እኔ እህትህ መርዋማ ሰሞኑን ከደስታ ብዛት የማደርገው ጠፍቶኛል።

ክረምቱን ኢንተርኔት ቤታችን እንዴት እንደከረመ ሰምተሃል። የማውሷ ቀስት ማንም ሳይነካት ስክሪኑ ላይ ትሄዳለች፤ ፋይል ይከፈታል፣ ይሰረዛል። ተማሪዋ ኤልሳ የመመረቂያ ጽሑፏ ዓይኗ እያየ ጠፍቶ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ሰፈሩም የእነ ዐብደላን ኮምፒውተር ጂን ገብቶበታል አለ። እማዬ ሼኽ ጠርታ ቁርኣን አስቀራች፤ ጂኑ ግን ወይ ፍንክች። ደንበኛ እግሩን አሳጠረ። አባባም እስከ አረፋ ካልተስተካከለ ቤቱን ለአጎታችን ልጅ ለኡዘይር ጨርቅ መሸጫ እሰጠዋለሁ አሉ። አንተም በስልክ "ትክክል ናቸው" አልክ። ይህችን አልረሳሁልህም።

አንድ ቀን ብሽቅ ብዬ የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀልኩት። ቀስቷ ቀጥ አለች። መልሼ ስሰካው ጉዞዋን ቀጠለች። ገመድ ሲነቀል የሚሸሽ ምን ዓይነት ጂን ነው ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ያን ጊዜ ባለሙያው አንዱዓለም መስመሩን ሲዘረጋልን የሆነው ትዝ አለኝ። አንተ ከካርቱም ሆነህ በኢንተርኔት ኮምፒውተራችን ውስጥ እየገባህ ሥራውን እንድታይ ፈልገህ ነበር። ከውጭ ለሚመጣ የትኛውን በር ልክፈት ብሎ ሲጠይቅ፣ አባባ በእኛ ቤት እንኳን ልጅ እንግዳም ደጅ አይቆምም፣ ሁሉንም ክፈተው አሉት። እሱም እንደ ሠርግ ቤት ወለል አድርጎ ከፈተው፤ ዘበኛውን ፋየርዎሉንም አጠፋው። ለአንተ የተከፈተው በር ለዓለም ሌባ ሁሉ ሆነ።

ኮምፒውተሮቹን ፎርማት አደረግሁና፣ መመሪያ እያነበብኩ፣ እየተሳሳትኩ እያረምኩ፣ ፋየርዎሉን አስነሳሁት። ሕጉ ቀላል ነው። ከእኛ የሚወጣ ይወጣል፤ ለጠራነውም መልሱ ይገባል፤ ሳይጠራ የመጣ ግን ይመለሳል። ከዚያ ወዲህ ቀስቷ ከደንበኛ እጅ ውጭ ንቅንቅ ብላ አታውቅም። አባባን አጠገቤ አስቀምጬ ሳይጠሩ መጥተው በፋየርዎሉ የተመለሱት በስክሪኑ ሲደረደሩ አሳየኋቸው። ይህ ሁሉ ቤቴ ሲገባ ኖሯል ብለው ከንፈራቸውን ነከሱ። የአረፋ ዕለት ዘመድ በተሰበሰበበት ወደ ኡዘይር ዞረው፣ "ጨርቅህን ሌላ ቦታ ፈልግለት፤ ቤቱ የመርዋ ነው" አሉ። ወንድምዓለም፣ እልል ማለት ነው የቀረኝ። ኤልሳ እንኳ ተመልሳ ጽሑፏን እኛው ቤት እንደ አዲስ እየጻፈች ነው።

ለአንተም በር አልተውኩም። አንዱዓለም ለብቻው ልክፈትለት ቢለኝ እማዬ፣ "ተዪው፤ በስክሪን እየገባ ነው የቤቱን መንገድ የረሳው" አለች። ስትናገር ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

አባባና እማዬ ግንባርህን ይስሙሃል። አክስታችን ፈህሚያ ዱዓዋ አልተለየህም። ትንሿ ኩልሱም ጥርሷን እንደነቀለች ንገሪልኝ ብላለች። ኡዘይርም ቂም አልያዘም፣ ሰላም ብሎሃል።

ይህን ደብዳቤ የሚሰጥህ ሹፌሩ አያ ታከለ ሲመለስ ጋቢናው ባዶ ነው። በአይከል በኩል ይዞህ ይምጣ። ሳይጠራ የመጣ ይመለሳል ብያለሁ፤ አንተን ግን እነሆ ጠርተንሃል።

እህትህ መርዋ ዐብደላ
ጎንደር፣ ጥቅምት 20 ቀን 2006 ዓ.ም.