የተዘቀዘቀው ቴምብር

…ቴምብሩን በምላስሽ አርሰሽ፣ ካርዱን ደረትሽ ላይ አስደግፈሽ፣ በአውራ ጣትሽ ጫን ስታደርጊው ትዝ ይለኛል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ለማስታወስ ስሞክር የሚታየኝ የራሴ እጅ ብቻ ነው፤ እስከ አንጓዬ ሊጥ ውስጥ ነበር።

ሰላምታ ላስቀድም ብዬ ነበር፤ ይኸው ረሳሁት። እህት ዓለም፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ሳሉስ ተወሽ? የሮክፎርድ ክረምት ከሚኒያፖሊስ ይሻላል ይላሉ። እኔ ደህና ነኝ። መቀመጥ ብቻ አቃተኝ፤ ተነስቼ ምድጃውን አያለሁ፣ ሳያስፈልገው እንጨት እጨምራለሁ።

ከገና ወዲህ፣ ዱሉዝ እንጨት ከሚቆርጠው ከአልጎት አንድም ካርድ አልመጣም። እዚህ አብራኝ የምታገለግለውን ወጥ ቤቷን ሎቪሳን ታውቂያታለሽ፤ የማንም ካርድ ይሁን፣ ጮክ ብላ ሳታነበው ለባለቤቱ አትሰጥም። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ እንጨት ቆራጭሽ ከበረዶ ሌላ ወሬ የለውም። በረዶዋን አግብቷት ይሆን እንዴ?» ትለኝ ነበር። ቴምብሩን ግን ልብ አትልም። ዘመም ብሎ ከተለጠፈ እወድሻለሁ፣ ከተዘቀዘቀ ከእንግዲህ አትጻፍልኝ ማለት ነው ብለሽ እኔንም እሱንም ያስተማርሽን አንቺ ነሽ፤ ገና አገር ቤት ሳለን።

ለገና መጥተሽ የነበረ ጊዜ ቴምብር የለጠፍሽልኝ ካርድ፣ አልጎት አብረን እንኑር ላለኝ መልሴ ነበር። ዘመም አድርጊልኝ አልኩሽ። እሺ አልሽኝ፤ ራስሽ ወስደሽ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ከተትሽልኝ።

ትናንት አልጎት ከዱሉዝ መጣ። በጓሮ በር ቆቡን በእጁ ይዞ ቆመ። ሎቪሳ «ግባ እንጂ፣ ሙቀታችንን ለመንገደኛ ልናድል ነው?» አለችው። መልሴ እንደደረሰው ነገረኝ፤ ቴምብሩ ተዘቅዝቆ ነው የመጣው አለ። አልተቆጣም። እዚያው አንቺ ያለሽበት ሮክፎርድ፣ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ሥራ አግኝቶ መሄዱ ነው። ሥራውን ማን አገኘልህ ስለው ወለሉን ማየት ጀመረ።

አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ፤ ቴምብሩ ከእጅሽ ተንሸራቶ ነው? አዎ ብትዪኝ አምንሻለሁ።

እግዜር ቤትሽን ያሙቅልሽ፤ ሳሉን ከደረትሽ ያንሳልሽ፤ ብቻሽን አያድርግሽ።

ታናሽ እህትሽ

ከፈረምኩ በኋላ ልተወው ብዬ ነበር። አልጎት ሊወጣ ሲል፣ «ቴምብሩን ራስሽ ነሽ የለጠፍሽው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሎቪሳ ድንች መላጧን አቆመች። «እኔው ነኝ» አልኩት። ቆቡን ደፋ፤ በሩን ቀስ አድርጎ ከኋላው ዘጋው።