ከቡሬ የበርበሬ መስመር ናሙናነት እንድለቀቅ

ቀን፦ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምርት ዝውውር ሞዴል ጥናት ማስተባበሪያ ኃላፊ
ፍኖተ ሰላም

አመልካች፦ ወ/ሮ አቻምየለሽ መሐሪ፣ የበርበሬ ነጋዴ
አድራሻ፦ ቡሬ

ጉዳዩ፦ ከናሙና ነጋዴነት ተሰናብቼ ከባለቤቴ ጋር እንድኖር ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. ጽሕፈት ቤትዎ ምርት ከየት ወዴት እንደሚሄድ በኮምፒዩተር ለመተንበይ ጥናት ሲጀምር፣ ከቡሬ ወደ ገበዝ ማርያም ለሚሄደው በርበሬ በናሙናነት የተመረጥሁት እኔ ነኝ። በየወሩ ምን ያህል እንደላክሁና መኪናው የት የት እንደቆመ በስልክ እናገራለሁ። ጥናቱ እስኪያልቅ ቦታም፣ ዕቃም፣ መስመርም ላልቀይር ፈርሜአለሁ። በምትኩ ጭነቴ ኬላ ላይ እንዳይጉላላ የይለፍ ወረቀት ተሰጥቶኛል። ጠቅሞኛል፣ አልክድም።

2. ስፈርም ጥናቱ የአንድ ዓመት ነው ተብሎ ነበር። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ተራዘመ፤ አሁን ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። መቼ እንደሚያልቅ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

3. ባለቤቴ መሪጌታ ሃይለ ሚካኤል ቅኔ ሊያስተምሩ ወደ ገበዝ ማርያም የሄዱት እኔ በፈረምሁ ሰሞን ነው። ዓመቱ ሲሞላ ልከተላቸው ተስማምተን ነበር። አሁን ዐይናቸው ደክሟል። ደቀ መዛሙርቱ እጃቸውን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ያደርሷቸዋል፣ እግዜር ይስጣቸው፤ ቤታቸው ሲገቡ ግን ብቻቸውን ናቸው። ለፋሲካ ሄጄ ስሰነብት ፊቴን በእጃቸው ዳስሰው ከስተሻል አሉኝ። አልከሳሁም ነበር፤ ግን አልተከራከርሁም። በዓሉ ሲያልፍ ወደ ቡሬ፣ ወደ ስልኬ ተመለስሁ።

4. ለምን ጥለሽ አትሄጂም የሚለኝ ብዙ ነው። ዋሴ እኅቴ ሰርካለም ናት፤ ዋስ በመሆኗ ለእሷም የይለፍ ወረቀት ተሰጥቷታል። በውሉ መሠረት እኔ ካቋረጥሁ የእሷም የይለፍ ወረቀት ይሰረዛል። እሷ ደግሞ ጨው እየነገደች ልጆቿን የምታሳድገው በዚያው ወረቀት ነው። የእኅቴን ጉሮሮ ዘግቼ ባሌ ቤት መግባት አልችልም።

5. መፍትሔ ሳላቀርብም አልቀረሁም። ሰርካለም ሱቄን ተረክባ፣ ያንኑ በርበሬ በዚያው መስመር ትላክ ብዬ ለጥናቱ ባለሙያ ለአቶ ዘመኑ አመለከትሁ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ወንበር ስበው፣ እትየ ብለው ነው ያስተናገዱኝ። ሆኖም ሰው ከተቀየረ ያለፈው ከአሁኑ ጋር አይነጻጸርም፣ መስመሩም ከሞዴሉ ይጠፋል አሉኝ። ክረምት ላይ መንገድ ተዘግቶ ምንም ሳልልክ ስቀር ግን ኮምፒዩተሩ ቁጥሩን በአምናው ልክ ሞልቶልኛል። ከቡሬ ተነሥቶ ገበዝ ማርያም የሚገባውን አረንጓዴ ቀስት እዚያው ቢሮ በኮምፒዩተሩ ካርታ ላይ በዐይኔ አይቻለሁ። እኔ ሳልልክ የሚሄድ ቀስት እኔን እዚህ አስሮ የሚያስቀምጥበት ምክንያት ሊገባኝ አልቻለም። ተናድጃለሁም።

6. ስለሆነም እኅቴ በእኔ ቦታ ተተክታ፣ የይለፍ ወረቀቷም ሳይነካ፣ እኔ እንድሰናበት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ።

7. ይህ አይቻልም ከተባለ ደግሞ እምቢታው በጽሑፍና በማኅተም እንዲሰጠኝ እለምናለሁ። ቀድሞ ሹፌሩ በርበሬዬን ባደረሰ ቁጥር ባለቤቴ መቼ ነው የምትመጣው ብለው ይጠይቁት ነበር። አሁን መጠየቅ ትተዋል። ባለፈው በስልክ ነገሩን ምዬ ብነግራቸው፣ ኮምፒዩተር ሰው ያስራል ወይ ብለው ሳቁና ስለ ዝናቡ ያወሩኝ ጀመር። ንግዴን ከእሳቸው ያስበለጥሁ መስሏቸዋል። የቢሮው ደብዳቤ ቢደርሳቸው ከተማሪዎቻቸው አንዱ ያነብላቸዋል። መቅረቴ ባይቀር እንኳ፣ እምቢ ያልሁት እኔ እንዳልሆንሁ ይወቁልኝ።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር
አቻምየለሽ መሐሪ
(ፊርማ)