ረቡዕ መኪናው አይመጣም

ውድ ወንድሜ አ-ሆንግ፣

ስልክ ላይ ማውራት እንደማልችል ታውቃለህ። እሑድ እሑድ ስትደውል እማዬ ስልኩን ወደ እኔ ስትዘረጋ «እጄ ዓሣ ነክቷል» ብዬ እሸሻለሁ። እጄ ግን አብዛኛውን ጊዜ ንጹሕ ነው። ስለዚህ ልጻፍልህ ብዬ ከተነሣሁ ሦስት ቀኔ ነው። ወረቀቱ የዓሣ ማስረከቢያ ደረሰኝ ጀርባ ስለሆነ ይቅርታ፤ ሌላ ወረቀት ብጠይቅ እማዬ ለምን እንደሆነ ትጠይቀኛለች።

በመጀመሪያ የማይቀረውን ልበል። ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ዶላርህ የለም። እኔ ነኝ የጨረስኩት። ይህን ስታነብ ላትደነግጥ ትችላለህ፤ ለምን እንደማትደነግጥ ወደ ታች እጽፈዋለሁ።

ወደ ጦሩ ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀርህ ትዝ ይልሃል? የእማዬን ጥፍር የነቀለው አሮጌው መፍጫ ወጥ ቤት ውስጥ እየተንቀጠቀጠ፣ አንተ የአባታችን ፎቶ ፊት ቆመህ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ካርታ አልነካም። የአንድ ዓመት ግዳጄን ጨርሼ ስመለስ ገንዘቡን አውጥቼ አዲስ የዓሣ መፍጫ እገዛለሁ» አልክ።

እማዬም፣ «አባትህ እየሰማህ ነው» አለችህ።

«እኮ፣ እንዲሰማ ነው።»

ከዚያ እኔን ወደ ኮምፒውተሩ ጠርተህ በኢንተርኔት ካርታ የምትጫወትበትን፣ ገንዘቡም ያለበትን ሂሳብ የይለፍ ቃል አሳየኸኝ። «በየወሩ መጀመሪያ ክፈቺው። አንድ ዙር ተቀመጪ፣ ካርታሽን ጥለሽ ውጪ። ዝም ከተባለ ይዘጉታል።»

«ብጫወትስ?»

«አንቺ? ገበያ ላይ ሽንኩርት እንኳ ተከራክረሽ ገዝተሽ የማታውቂ?»

ሁለታችንም ሳቅን። የማታውቀው ነገር ግን ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አንተ ስትጫወት እኔ ከኋላህ ተቀምጬ የዓሣ ማሸጊያ ላስቲክ ሳጥፍ ሁሉንም ተምሬያለሁ። መቼ እንደምትጥል፣ መቼ እንደምትጠብቅ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ከዋናው ገንዘብ ከሃያ እጅ አንዱን ብቻ ይዘህ እንደምትቀመጥ። «ዋናው ከተነካ ሰውየውም ተነካ» ትለኝ ነበር፣ ፊትህን ከስክሪኑ ሳታዞር።

ትምህርት ካቆምኩ ወዲህ ከሰው ጋር የማወራው ጥቂት እንደሆነ ታውቃለህ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ማንም አያየኝም። ማንም «ለምን ዝም ትያለሽ?» አይለኝም። የመጀመሪያው ወር መጀመሪያ እንዳልከኝ ጣልኩና ወጣሁ። ሁለተኛው ወር ላይ አንድ ካርታ ሳልጥል ቀረሁ። አሸነፍኩ። ስድስት ዶላር ነበር። ያን ቀን ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኩ፤ እማዬም «ምን አገኘሽ?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሆነ። ጊዜዬ ግን ትንሽ ነበር። ፈጭተን አድበልብለን ለሻጮች የምናስረክበው የመጨረሻው የዓሣ ድቡልቡል በረዶ ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ እማዬ ጋደም ትላለች። አሥር ከአርባ ሲሆን የቆሻሻ መኪናው ሙዚቃውን እያሰማ ከድልድዩ ይታጠፋል። ሙዚቃውን ስሰማ በእጄ ምንም ካርታ ይኑር፣ ዘግቼ ሁለቱን ከረጢትና የትርፍራፊውን ባልዲ ይዤ እወርዳለሁ። የኛን ቤት ቆሻሻ ታውቀዋለህ። መኪናው አንድ ቀን ካመለጠን የዓሣው ጭንቅላት ጠረን ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይወጣል። አርባ ደቂቃ ብቻ። ያኔ መኪናውን እረግመው ነበር። ጥሩ ካርታ ስይዝ ጠብቆ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

ረቡዕ ግን መኪናው አይመጣም።

ይህ ትልቅ ነገር መሆኑን አላወቅኩም። ሰኔ ውስጥ አንድ ረቡዕ እማዬ የቤተ መቅደሱ ሰፈር ላሉት ሻጮች ልታስረክብ በጠዋት ወጣች። ዝናብ ነበር። ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ሁለት መቶ ዶላር ሄደ። እሱን ለመመለስ ትልቁ ጠረጴዛ ላይ ወጣሁ። እዚያም ሄደ። ከዚያ በላይ ወዳለው ወጣሁ። እንዴት እንደሆነ ልንገርህ፤ አልተናደድኩም፣ አላለቀስኩም። ጆሮዬ ሙዚቃውን እየጠበቀ ነበር። ሲመጣ አቆማለሁ እያልኩ ነበር። አሥር ሰዓት አለፈ፣ አሥር ከአርባ አለፈ፣ አሥራ አንድ አለፈ፣ የሚመጣ የለም። የታችኛው በር ቁልፍ ሲዞር ስሰማ ብቻ ነቃሁ። አንድ መቶ ሠላሳ ሁለት ዶላር ቀርቶ ነበር።

እማዬ ዣንጥላዋን እያራገፈች፣ «ምሳ በላሽ?» አለችኝ።

«በልቻለሁ» አልኩ። አልበላሁም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሰብኩት፤ አንተ ሳትመጣ ወደ ቦታው መመለስ። ሕግህን ይዤ ከትንሿ ጠረጴዛ ጀመርኩ። ረቡዕና እሑድ ኮምፒውተሩን አልነካም፤ መኪናው በሚመጣባቸው ቀናት ብቻ። ግን አርባ ደቂቃ ምንድን ነው? ቦታ እስካገኝ አምስት ደቂቃ ይሄዳል። ሃያ ጊዜ ካርታ ይታደለኛል፣ ከሃያው ሁለቱ ቢረቡ ነው። ጥሩ ሳምንት ማለት ስምንት ዶላር ነው። አንድ ቀን በደረሰኝ ጀርባ ላይ አሰላሁት። በዚህ አካሄድ ስድስት ዓመት። አንተ የምትመጣው መጋቢት ነው።

ጠዋት ዓሣ ስፈጭ ስድስት ዓመት፣ ጨው ስጨምር ስድስት ዓመት። እማዬ ለሻጮቹ ስልክ ላይ «ልጄ ሲመለስ አዲስ መፍጫ ልንገዛ ነው» ስትል ወጥ ቤቱ እየጠበበ ይመጣና ግድግዳው ትከሻዬን የሚነካኝ ይመስለኛል። ትልቁ ጠረጴዛ ላይ አንዴ ብቀመጥ ብዬ ስንት ጊዜ እንዳሰብኩ! አልተቀመጥኩም። ይህን እመነኝ።

መስከረም ላይ ግን አንድ ነገር ሆነ። ቅዳሜ ስዘጋው መቶ ሰባ አንድ ነበር። ሰኞ ስከፍተው መቶ ሰማንያ ሦስት ሆኖ አገኘሁት። ተሳስቼ ቆጥሬ ነው ብዬ ተውኩት። በማግስቱ ደግሞ ከተውኩት አራት ጎደለ። ከዚያ አሥራ ሰባት ጨመረ። ሌባ ገባ ብዬ ደነገጥኩ። ግን ሌባ ምን ብሎ ይጨምራል?

ያለፉትን ጨዋታዎች ዝርዝር ከፈትኩ። ሁሉም ከምሽቱ አንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ደሴቱ ላይ ባለው የጦር ሰፈራችሁ ውስጥ ስልክ የሚሰጣችሁ በዚያ ሰዓት አይደል? ጨዋታው ላይ ውርርድ ከፍ ሲደረግ ደግሞ የሚጨመረው ገንዘብ መጨረሻው ሁልጊዜ ሰባት ነው። ሃያ ሰባት ሳንቲም። አንድ ዶላር ከአርባ ሰባት። «ለምን ሰባት?» ስልህ፣ «ዕድል የቤታችን ቁጥር እንዳይጠፋበት ነዋ!» ያልከኝን ረስተኸዋል?

ባልዲውን ገልብጬ ላዩ ላይ ተቀመጥኩ። መቼ እንዳየኸው አላውቅም። ምን እንደተሰማህም አላውቅም። እሑድ ደውለህ እማዬን «አ-ሩ ደህና ናት?» ብቻ አልካት። ስለ ገንዘቡ አንድ ቃል የለም።

እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። እኔ በቀን፣ አንተ በምሽት። እኔ የተውኩትን አንተ ትቀጥላለህ፣ አንተ የተውከውን እኔ። ሁለት መቶ አለፍን። ሦስት መቶ አለፍን። ቁጥሩን ሳይ እንደምን ዋልሽ ያልከኝ ይመስለኝ ነበር። በሕይወቴ ከሰው ጋር ይህን ያህል ያወራሁበት ጊዜ የለም፣ አንድ ቃል ሳንነጋገር። ያለፈው ቅዳሜ አራት መቶ ሠላሳ አንድ አድርጌ ተውኩልህ።

ሰኞ ስከፍተው ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ነበር።

ዝርዝሩን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መቶ ዶላር ይዘው የሚቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠሃል። አንዴ ጨርሰህ፣ እንደገና መቶ ይዘህ ተቀምጠሃል። ሁለተኛውን መቶ እንዳለ በአንድ ጊዜ ያስያዝከው አንድ ከሃምሳ ሰባት ላይ ነው። በእጅህ የነበሩትንም ካርታዎች አየሁ። ሁለት ዓመት ከኋላህ ስቀመጥ እንደዚያ ያለ የማይረባ ካርታ ሳትጥል የቀረህበት ቀን አልነበረም።

ያኔ ገባኝ። አንተም መኪና አለህ። ስልክ የሚሰበስበው አሥር አለቃ በር ላይ ቆሞ፣ አንተ ሦስት ደቂቃ ቀርቶህ። ሕግህን ስትጥስ አይቼህ አላውቅም። አባታችን ፊት የማልከውን ያፈረሰብህ ጦሩ አይደለም፤ እኔ ነኝ። የእኔን ጉድጓድ ልትሞላ ገብተህ አንተም እየሰመጥክ ነው። እዚያ ደሴት ላይ ለማን ትናገራለህ?

ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ኮምፒውተሩን አልከፈትኩም። አሥር ሰዓት ላይ እማዬ አጠገብ ተቀምጬ እስክትነቃ ጠበቅኳት። ሙዚቃው ሲሰማ አብረን ወረድን። ቤት ውስጥ ልነግራት አልቻልኩም፤ አባታችን ያየኛል። ጥጉ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ከረጢቱን ይዞ ተሰልፏል። የላይኛው ፎቅ እትዬ ሉ እንደ ልማዳቸው ጀመሩኝ።

«ይቺ ልጅ ዓሣ ስታደቅ እየዋለች እንደ ዓሣ ዝም ብላ ቀረች! እስቲ ዛሬ እንኳ እንዴት ዋሉ በዪኝ።»

እኔ ግን ወደ እማዬ ዞሬ፣ «እማ፣ የአ-ሆንግን ገንዘብ ጨርሼዋለሁ» አልኩ።

«ምን አልሽ? ሙዚቃው እኮ…»

«የአ-ሆንግን ገንዘብ!»

«የአ-ሆንግ ምን?»

«ገንዘቡን! በካርታ ጨረስኩት!»

እንዴት እንደጮኽኩ አላውቅም። እትዬ ሉ «ውይ፣ ለካ ድምፅ አላት!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ያልኩት ነገር ገባቸው መሰለኝ፣ ከረጢታቸውን አቅፈው ወደ ሌላ ቦታ ማየት ጀመሩ።

እማዬ፣ «ስንት?» አለች።

«ሁሉንም። ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ቀርቷል።»

ትርፍራፊውን መኪናው ላይ ገለበጠች። ባልዲውን ግን እንደያዘችው ቀረች። ሠራተኛው፣ «እናቴ፣ ባልዲውንም ልትሰጪኝ ነው እንዴ?» ሲላት ነው የነቃችው።

ደረጃው ላይ ቆመች። አልመታችኝም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። «እኔ እኮ ዝም የምትዪው ጨዋ ስለሆንሽ ነው ብዬ ነበር» አለችኝ።

ማታ ኮምፒውተሩን አስከፈተችኝና የይለፍ ቃሉን እንድቀይር አዘዘችኝ። አዲሱን እሷ ራሷ በአንድ ጣቷ እየነካካች መረጠችው፤ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነበር። ወረቀት ላይ ጽፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ኮምፒውተሩን በዓሣ ላስቲክ ጠቅልላ፣ በገመድ አስራ፣ ከአባታችን ፎቶ ጀርባ አስቀመጠችው። «እሱ ይጠብቀው» አለች። ከዚያ ወዲህ አሥር ሰዓት ላይ አትተኛም። ፊት ለፊቴ ተቀምጣ የነገውን ላስቲክ ታሳጥፈኛለች። እጄን ነው የምታየው። አሥር ከአርባ ላይ ሙዚቃው ሲመጣ ቀኝ እጄ አሁንም የሆነ ነገር ልትዘጋ ትነሣለች፤ እማዬም ታያታለች። ከጠረጴዛው ተነሥቻለሁ። ከዚህ ወንበር ግን መቼ እንደምነሣ አላውቅም። አሮጌው መፍጫም ያው እየተንቀጠቀጠ ነው።

ስለ አንተ አልነገርኳትም። እሱ የአንተ ነው፤ የምትነግራትም አንተ ነህ። እሷ በሩን የዘጋችው በእኔ ላይ ይመስላታል። በሁለታችንም ላይ እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ፤ አሁን ደግሞ አንተ። በኢሜይልህ መልሰህ ልትከፍተው እንደምትችል አውቃለሁ። ለዚህ ነው የምለምንህ። አትክፈተው። የጎደለው ይጉደል። መፍጫውን ዓሣ እየደቆስኩም ቢሆን ቀስ ብዬ እገዛዋለሁ፤ ስድስት ዓመት ከፈጀም ይፍጅ፣ እሱን ስድስት ዓመት አስቀድሜ ለምጄዋለሁ።

እሑድ ስትደውል እማዬን «አ-ሩ ደህና ናት?» ብለህ አትጠይቃት። «አ-ሩን ስጪኝ» በላት። እጄ በእውነት ዓሣ ነክቶት ቢሆንም እንኳ እመጣለሁ። የምለው ቢጠፋብኝ ትንሽ ጠብቀኝ። እሑድም መኪናው አይመጣም፤ የሚያቋርጠን የለም።

የቁጥር ሰባቷ እህትህ፣
አ-ሩ